ከወረቀቱ የጎደሉ ነጥቦች

የምህንድስና ሥራ ከመለካት ይጀምራል፤ ነገር ግን አንድን ነገር ብቻውን መለካት እምብዛም አያራምድም። ዝናቡ ሲበረታ ወንዙ ምን ያህል ይሞላል? የውሃው ድርሻ ሲበዛ የኮንክሪቱ ጥንካሬ በምን ያህል ይወርዳል? ጭነቱ ሲከብድ የመንገዱ ንጣፍ ስንት ዓመት ይቆያል? መሐንዲስ የሚያሰኘን እነዚህን የመሳሰሉ ጥያቄዎች መጠየቃችን ነው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ተለዋዋጭ ነገሮች አሉ፤ የምንሻውም የአንደኛው መለወጥ ከሁለተኛው መለወጥ ጋር ያለውን ዝምድና ማወቅ ነው።

ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግሉ ሁለት መሣሪያዎች በእጃችን ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሥዕል ነው። አንዱን ልኬት በአግድም መሥመር፣ ሌላውን በቋሚ መሥመር ይዘን፣ አብረው የተለኩትን እያንዳንዱን ጥንድ በአንድ ነጥብ ወረቀቱ ላይ እናሰፍራለን፤ ከዚያም የነጥቦቹ ክምችት ወዴት እንደሚያዘነብልና ምን ያህል እንደ ተበተነ በዓይናችን እንመለከታለን። ይህን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የነጥብ ሥዕል» እንለዋለን። ሁለተኛው መሣሪያ «የተዛምዶ ቁጥር» ነው። ይህም ከ-1 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ የሚገኝ ቁጥር ነው። ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ላይ በሚወጣ ቀጥተኛ መሥመር ላይ ቢያርፉ 1፣ ወደ ታች በሚወርድ ቀጥተኛ መሥመር ላይ ቢያርፉ -1 ይሆናል፤ በቀጥተኛ መሥመር የሚገለጽ ዝምድና ከሌለ ደግሞ ወደ 0 ይጠጋል።

ቁጥሩን ዛሬ ኮምፒዩተር በቅጽበት ያወጣዋል። ሥዕሉን መመርመር ግን ጊዜና ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከዚህም የበለጠ የሚዘነጋ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «በዚህ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር የቀረ ነጥብ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥዕሉ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ቁጥሩም ከሥዕሉ እንዴት እንደ ተወለደ፣ ሁለቱ ሲለያዩና ነጥቦች ሲጎድሉ ምን እንደሚደርስ በታሪክ ማሳየት ነው። አበው «ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ» እንዲሉ፣ ከመነሻው እንጀምር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰንቡላዋ ጥንድ ኮከብ

ቁጥርን በሥዕል የመግለጽ ልማድ ከነጥብ ሥዕል ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 ዓ.ም. ባሳተመው አትላስ የአገሩን ገቢና ወጪ ንግድ ከዓመት ዓመት በሚጓዙ መሥመሮች አሳይቶ ነበር። የፕሌይፌር መሥመሮች ግን የንግዱን ውጣ ውረድ ለማሳየት የተሠመሩ ናቸው እንጂ፣ ስሕተት ያለባቸውን የተበታተኑ ልኬቶች ሰብስቦ ከመካከላቸው ሕግ ለማውጣት የታሰቡ አልነበሩም። ለዚህ ዓላማ የነጥብ ሥዕልን መጀመሪያ የሠራው እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ኸርሸል መሆኑን፣ የሥዕላዊ ስታትስቲክስን ታሪክ ያጠኑት ማይክል ፍሬንድሊና ዳንኤል ዴኒስ በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት አመልክተዋል።

ኸርሸል በ1833 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፉ የተነሣበት ችግር የሚከተለው ነበር። በሰንቡላ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ጋማ የተባለችው ኮከብ በዓይን ስትታይ አንዲት ትመስላለች፤ በመነጽር ሲመለከቷት ግን አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚዞሩ ሁለት ከዋክብት ሆነው ይገኛሉ። የሁለቱ አቀማመጥ ከ1718 ዓ.ም. ጀምሮ በልዩ ልዩ ሰዎች ተለክቷል። ይሁን እንጂ ልኬቶቹ ጥቂትና የተራራቁ ከመሆናቸውም በላይ ስሕተት የበዛባቸው ነበሩ። ከእነዚህ ልኬቶች ጥቂቶቹን ብቻ መርጦ ምሕዋሩን በቀጥታ በሒሳብ ለማውጣት ቢሞከር፣ የአንዱ ስሕተት መላውን ሥራ ያበላሻል።

ኸርሸል በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተሠመረ፣ ዛሬ ግራፍ ወረቀት የምንለውን ዓይነት ወረቀት አዘጋጀ። ዓመቱን በአንዱ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ኮከብ የሚገኝበትን ማዕዘን በሌላው አቅጣጫ ይዞ ነጥቦቹን አሰፈረ። ከዚያም ነጥብን ከነጥብ በማገናኘት ፈንታ በነጥቦቹ መካከል የሚያልፍ፣ ያለ ስብራት የሚታጠፍ ለስላሳ መሥመር በእጁ ሣለ። የአሳቡ መሠረት ግልጽ ነው፤ ከዋክብት የሚጓዙት በዝላይ ሳይሆን በሥርዓት ስለሆነ፣ ነጥቡ ከለስላሳው መሥመር ቢርቅ ጥፋቱ የለኪው እንጂ የኮከቡ አይደለም። ስለዚህም ከመሥመሩ ላይ የሚነበበው ልኬት ከእያንዳንዱ ነጥብ ይልቅ ይታመናል። እያንዳንዱ ነጥብ ብቻውን ደካማ ምስክር ነው፤ ሁሉም በአንድነት ሲቆሙ ግን አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል። የነጥብ ሥዕል ኀይል የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከአተር እስከ ክንድ

ኸርሸል የሚፈልገው ሕግ በኒውተን ዘመን የታወቀ ነበር፤ መበታተኑ የመለካት ስሕተት ብቻ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣው ፍራንሲስ ጋልተን የገጠመው ግን ሌላ ዓይነት መበታተን ነው። የሰው ቁመት በትክክል ቢለካም እንኳ ከአባት እስከ ልጅ አንድ ሆኖ አይቀጥልም፤ መበታተኑ የተፈጥሮው የራሱ ነው።

የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ የሆነው ጋልተን በ1875 ዓ.ም. የአበባ አተር ፍሬዎችን በመጠናቸው በሰባት ክፍል ለይቶ ለወዳጆቹ በማደል አስዘራ። ምርቱ ሲመለስለት የትልልቆቹ አተሮች ልጆች ከአማካዩ የሚበልጡ፣ ከወላጆቻቸው ግን የሚያንሱ ሆነው አገኛቸው፤ የትንንሾቹ ልጆች ደግሞ ከወላጆቻቸው ይተልቁ ነበር። የልጆቹን አማካይ መጠን ከወላጆቹ መጠን አንጻር ሲያሰፍር ነጥቦቹ ወደ ቀጥተኛ መሥመር ተጠግተው ተሰለፉ፤ የመሥመሩ ዳገት ግን ከአንድ ያነሰ ነበር።

ከአተር ወደ ሰው ተሻገረ። በ1886 ዓ.ም. የታተመው ሥራው የ205 ጥንድ ወላጆችንና ለአካለ መጠን የደረሱ የ928 ልጆቻቸውን ቁመት የያዘ ነበር። የሴቶቹን ቁመት በ1.08 እያባዛ ከወንዶቹ ጋር ካስተካከለ በኋላ፣ የአባትንና የእናትን አማካይ ቁመት በአንድ አቅጣጫ፣ የልጆቹን ቁመት በሌላው አቅጣጫ ይዞ በየሰንጠረዡ ቤት የሚገኙትን ሰዎች ብዛት ጻፈ። ብዛታቸው እኩል የሆኑትን ሥፍራዎች በመሥመር ሲያያይዝ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሞላላ ክበቦች ወጡለት። ጉዳዩን የሰዎችና የቁመት ነገር መሆኑን ሳይጠቅስ እንደ ተራ የሒሳብ ጥያቄ አድርጎ ሃሚልተን ዲክሰን ለተባለ የሒሳብ ምሁር ሰጠው፤ ዲክሰንም በሒሳብ መንገድ ያንኑ ሞላላ ክበብ አገኘ። ዓይን አስቀድሞ ያየውን ሒሳብ አጸደቀው ማለት ነው።

ወላጆቻቸው ከአማካዩ በ3 ኢንች የሚረዝሙ ልጆች በአማካይ የሚረዝሙት በ2 ኢንች ያህል ብቻ መሆኑን ጋልተን ተመለከተ። ይህንም «ወደ አማካይ መመለስ» ብሎ ሰየመው። ነገሩ የቁመት ወይም የዘር ሕግ ብቻ አይደለም፤ ተዛምዶው ፍጹም ባልሆነበት ሥፍራ ሁሉ የሚታይ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ዓመት ከሌሎቹ ሁሉ የበዛ አደጋ የደረሰበት የመንገድ መገናኛ፣ ምንም ሳይደረግለት በሚቀጥለው ዓመት አደጋው ሊቀንስ ይችላል። በመካከሉ መብራት ተክለን ብንሆን ኖሮ ግን ምስጋናውን ሁሉ ለመብራቱ በሰጠን ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ችግር ቀረ። ቁመትና ቁመት በአንድ መለኪያ ይለካሉ፤ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮች ሲሆኑስ? በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ለለንደን የንጉሣዊ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ጋልተን ለዚህ መልስ ሰጠ። ከለካቸው የአካል ክፍሎች አንዱ እኛ ከጥንት ጀምረን ሸማ የምንለካበት ክንድ ነው፤ ይኸውም ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት። የ350 ያህል ወንዶችን ክንድና ቁመት ሲያነጻጽር፣ እያንዳንዱን ልኬት በኢንች ሳይሆን በራሱ የመበታተን ስፋት ለካው። ቁመት ከአማካዩ ስንት እጅ እንደ ራቀ በራሱ ሚዛን፣ ክንድም በራሱ ሚዛን ሲቆጠር፣ ከቁመት ወደ ክንድም ሆነ ከክንድ ወደ ቁመት ቢኬድ የመሥመሩ ዳገት አንድ ሆነ። በዚህ ጥናት የተገኘው 0.8 ነበር። ይህ ከመለኪያ ዓይነት ነጻ የሆነ ቁጥር ዛሬ የተዛምዶ ቁጥር የምንለው ነው።

ጋልተንን ወደዚህ አሳብ ከመሩት ነገሮች አንዱ ሥራ ላይ ያለ ጉዳይ ነበር። በዚያን ዘመን በፓሪስ ፖሊስ ውስጥ አልፎንስ ቤርቲዮን ወንጀለኞችን በአካላቸው ልኬቶች እየመዘገበ ይለይ ነበር። ጋልተን እንዳሳሰበው፣ ረዥም ሰው ክንዱም እግሩም ይረዝማልና፣ ቁመቱን ከለኩ በኋላ ክንዱን መለካት ሙሉ በሙሉ አዲስ ማስረጃ አይጨምርም። ይህ ማሳሰቢያ ለእኛም ይጠቅማል፤ በአንድ የኤሌክትሪክ መሥመር ላይ የተተከሉ ሁለት መለኪያዎች ተመሳሳይ ነገር ቢናገሩ ሁለት ነጻ ምስክሮች አይደሉም።

ቁጥሩ ከሥዕሉ ሲለይ

የጋልተንን አሳብ ወደ ተሟላ የሒሳብ ቀመር ያደረሰው ካርል ፒርሰን ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ብራቬ በ1846 ዓ.ም. ተቀራራቢ የሒሳብ መልክ አውጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ ቀመሩን እስከ ዛሬ በምንጠቀምበት መልክ ያቆመው ፒርሰን በ1896 ዓ.ም. ነበር።

የቀመሩ አሠራር በሥዕሉ ላይ በቀላሉ ይታያል። በነጥቦቹ መካከል በሁለቱ አማካዮች ላይ የሚያልፉ አንድ አግድምና አንድ ቋሚ መሥመር ብናሠምር ወረቀቱ በአራት ክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱ ነጥብ ከአንዱ አማካይ የራቀበትን መጠን ከሌላው አማካይ በራቀበት መጠን እናባዛለን። በላይኛው ቀኝና በታችኛው ግራ ክፍል ላሉት ነጥቦች ብዜቱ ከዜሮ በላይ፣ በቀሩት ሁለት ክፍሎች ላሉት ደግሞ ከዜሮ በታች ይሆናል። ሁሉን ደምረን በሁለቱ መበታተኖች ስናካፍል የተዛምዶ ቁጥሩን እናገኛለን። ከዚህ አሠራር ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ከመካከሉ እጅግ የራቀ ነጥብ ብዜቱ ትልቅ ስለሆነ ድምፁም ትልቅ ነው። ሁለተኛ፣ ቀመሩ የሚጠይቀው ስለ ቀጥተኛ መሥመር ብቻ ነው፤ ነጥቦቹ በሚያምር ቅስት ላይ ተሰልፈው ሳለ ቁጥሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ቀመሩ ታላቅ ጥቅም አመጣ። ሆኖም ከእርሱ ጋር አንድ አደጋም መጣ፤ ሥዕሉን ያላየ ሰው ቁጥሩን ብቻ ይዞ መናገር ቻለ። የአደጋውን ክብደት ከመሥራቾቹ ሕይወት እንማራለን። «ዩጀኒክስ» የሚለውን ቃል በ1883 ዓ.ም. የፈጠረው ጋልተን ራሱ ነው፤ ፒርሰንም በ1911 ዓ.ም. በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በዚሁ ትምህርት ስም የተቋቋመውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ያዘ። ወላጅና ልጅ ደም ብቻ ሳይሆን ቤት፣ ምግብ፣ ትምህርትና ድህነትም ይጋራሉ፤ የእነርሱ አሳብ ግን በወላጅና በልጅ መካከል የተገኘውን ተዛምዶ ከሁሉ በፊት ወደ ዘር አስጠጋው። ትምህርቱ ለዘር አድልዎ መሣሪያ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁም በ2020 ዓ.ም. የሁለቱን ሰዎች ስም ከሕንጻዎቹ ላይ አነሣ። ቀመሩ እውነት ነው፤ ከቀመሩ ላይ የተገነባው ፍርድ ግን ሰውን በደለ።

ዶሮ ስለ ጮኸ አይነጋም

ቁጥሩ ሊያሳስት እንደሚችል ከፒርሰን ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበረው ጆርጅ ዩዲ ዩል በግልጽ አሳየ። ዩል በ1926 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ከ1866 እስከ 1911 ዓ.ም. ያሉትን የእንግሊዝና የዌልስ አኀዞች ወስዶ፣ ከጋብቻዎች ሁሉ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸሙትን ድርሻ ከሕዝቡ የሞት መጠን ጋር አነጻጸረ። የተዛምዶ ቁጥሩ 0.95 ሆኖ ተገኘ። በቁጥሩ ብቻ የሚፈርድ ሰው፣ ከሞት ለመዳን በቤተ ክርስቲያን አለመጋባት ይበጃል ሊል ነው!

ዶሮ ስለ ጮኸ አይነጋም፤ ነገር ግን የዶሮ ጩኸትና ንጋት ቢያንስ በየቀኑ ይገናኛሉ። የዩል ሁለት ነገሮች ይህን ያህል እንኳ አይገናኙም። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም በዚያ ዘመን ከዓመት ዓመት እየቀነሱ መምጣታቸው ብቻ ነው። በጊዜ የሚያድጉ ወይም የሚወርዱ ማናቸውም ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከፍተኛ የተዛምዶ ቁጥር ያሳያሉ። የአንድ ከተማ የሲሚንቶ ፍጆታና የተማሪዎቿ ብዛት አብረው ቢያድጉ፣ ሲሚንቶው ተማሪ አያፈራም፤ ሁለቱንም የሚያሳድግ ሦስተኛ ነገር ከወረቀቱ ውጭ ቆሟል ማለት ነው።

ሌላው ማስጠንቀቂያ የመጣው ኮምፒዩተር ወደ ሥራ ክፍሎች መግባት በጀመረበት ጊዜ ነው። ፍራንሲስ አንስኮም በ1973 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት የቁጥር ስብስቦችን አሳተመ። በአራቱም ስብስቦች የአግድሙ ልኬት አማካይ 9፣ የቋሚው አማካይ 7.5፣ የተዛምዶ ቁጥሩም 0.82 ያህል ነው። ቁጥሮቹን ብቻ የሚያይ ሰው አራቱን አንድ ናቸው ይላል። ሲሣሉ ግን የመጀመሪያው እንደ ተለመደው በመሥመር ዙሪያ የተበታተነ ነው፤ ሁለተኛው ጥርት ያለ ቅስት ነው፤ ሦስተኛው አንድ ነጥብ ብቻ ያፈነገጠበት ቀጥተኛ መሥመር ነው። በአራተኛው ውስጥ 10 ነጥቦች በአንድ ቋሚ መሥመር ላይ ተደርድረው አንድ ነጥብ ብቻ ርቆ ይታያል፤ ያ አንድ ነጥብ ቢነሣ ተዛምዶ የሚባል ነገር አይኖርም።

ይህን የአንስኮምን ትምህርት እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስሕተቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ፣ የኮንክሪት ኪዩቦች የ7 ቀን ጥንካሬ ታይቶ የ28 ቀን ጥንካሬያቸውን አስቀድሞ ለመገመት የሚያስችል ቀመር እንዳወጣ ታዘዝኩ። ከሁለት የሥራ ቦታዎች የመጡትን ውጤቶች በአንድ ሰንጠረዥ አደባልቄ የተዛምዶውን ቁጥር ባወጣ ከ0.9 በላይ ሆነ። በደስታ ሪፖርቴን ጻፍኩ። የክፍሉ አንጋፋ መሐንዲስ ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ነጥቦቹስ የታሉ? እስቲ ሥለህ አሳየኝ» አሉኝ።

ስሥለው ያየሁት አንድ የነጥብ ክምችት ሳይሆን ሁለት ነበር። አንደኛው ከታች በግራ በኩል፣ ሁለተኛው ከላይ በቀኝ በኩል ተሰብስቧል። በሁለቱ የሥራ ቦታዎች የሚሠራበት ሲሚንቶ የተለያየ ነበር። በእያንዳንዱ ክምችት ውስጥ ነጥቦቹ እንዲያው የተበተኑ እንጂ ወደየትም አያዘነብሉም። ቁጥሬ ይናገር የነበረው «የዚያኛው ቦታ ኮንክሪት ከዚህኛው ይጠነክራል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ስለ አንዲት ኪዩብ ነገ መጠንከር ወይም መድከም የሚያውቀው አልነበረም። በዚያ ቀመር ተማምነን ቢሆን ኖሮ ደካማ ኮንክሪት በሰባተኛው ቀን አጽድቀን ድጋፉን በነቀልን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥዕሉን ሳላይ ቁጥር አልጽፍም።

የጥር ቅዝቃዜ

እስከ አሁን ያየነው በወረቀት ላይ ያሉ ነጥቦች ባለመታየታቸው የሚመጣውን ስሕተት ነው። ከዚህ የሚከፋው ነጥቦቹ ከወረቀቱ ሲጎድሉ ነው። ለሙያችን ከሁሉ የሚያሳዝነው ምሳሌ የጠፈር መንኮራኩሯ የቻሌንጀር ታሪክ ነው።

መንኮራኩሯን ከምድር የሚያነሡት ሁለት ጠጣር ነዳጅ ያላቸው ሮኬቶች በየክፍሉ ተሠርተው የሚገጣጠሙ ነበሩ። በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የጋለው ጋዝ እንዳያመልጥ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ሮኬቶቹ ከየበረራው በኋላ ከባሕር ተለቅመው ሲመረመሩ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ቀለበቶቹ በጋዙ ተበልተው ወይም ጥላሸት አልፎባቸው ይገኙ ነበር። በጥር 1985 ዓ.ም. በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቅዝቃዜ ከተደረገው በረራ በኋላ የታየው ጉዳት ግን፣ የሮኬቶቹ ሠሪ የሆነውን የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በተለይም ሮጀር ቦዦሌንና አርኒ ቶምሰንን፣ ከልብ አሳሰባቸው።

በጥር 27 ቀን 1986 ዓ.ም. ማታ ለማግሥቱ የተተነበየው ብርድ ከበረዶ መሥሪያ ነጥብ በታች ነበር። በዩታ፣ በአላባማና በፍሎሪዳ የሚገኙ መሐንዲሶችና ኃላፊዎች በስልክ ስብሰባ ተቀመጡ። የኩባንያው መሐንዲሶች ከ12 ዲግሪ በታች እንዳይመጠቅ አሳሰቡ። የናሳ ኃላፊዎች ግን ማስረጃው አላረካቸውም። ጉዳት የታየባቸው በረራዎች ሲታዩ አንዱ በ12 ዲግሪ፣ ሌላው ደግሞ በ24 ዲግሪ ሙቀት የተደረጉ ናቸው፤ ጉዳት በብርድም በሙቀትም ከደረሰ ብርዱ ምክንያት ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ተባለ። ከኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ለምህንድስናው ኃላፊ የመሐንዲስ ባርኔጣውን አውልቆ የሥራ አስኪያጅ ባርኔጣ እንዲያደርግ እንደ ነገረው በኋላ በምስክርነት ተሰምቷል። ኩባንያው አሳቡን ለወጠ። በማግሥቱ፣ ጥር 28 ቀን፣ ቻሌንጀር ከመሬት በተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ ተበታተነች፤ በውስጧ የነበሩት 7 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

አደጋውን የመረመረው በዊልያም ሮጀርስ የተመራው ኮሚሽን በሰኔ 1986 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ሁለት የነጥብ ሥዕሎችን ጎን ለጎን አቀረበ። በመጀመሪያው ላይ ያሉት ጉዳት የታየባቸው 7 በረራዎች ብቻ ናቸው፤ ሙቀታቸውም በሴንቲግሬድ 12፣ 14፣ 14፣ 17፣ 21፣ 21ና 24 ያህል ነው። በእውነትም ከዚህ ሥዕል ግልጽ ዝምድና ማንበብ አይቻልም። በሁለተኛው ላይ ግን ምንም ጉዳት ያልታየባቸው በረራዎች ተጨመሩ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ከአደጋው በፊት ከተደረጉት 24 በረራዎች የአንደኛው ሮኬቶች ባሕር ውስጥ ሰጥመው ስለ ቀሩ አልተመረመሩም። ከቀሩት 23 መካከል ከ18 ዲግሪ በታች የተደረጉት አራት ነበሩ፤ በአራቱም ላይ ጉዳት ደርሷል። ከ18 ዲግሪ በላይ ከተደረጉት 19 በረራዎች ግን ጉዳት የታየው በሦስቱ ላይ ብቻ ነው። የጎደሉት ነጥቦች ደህና የተመለሱት በረራዎች ነበሩ። «ምንም አልደረሰም» የሚለውም ልኬት መሆኑ በዚያች ሌሊት ተዘነጋ።

ሌላም ነገር ነበር። ከሁሉ የቀዘቀዘው በረራ 12 ዲግሪ ላይ ሳለ፣ ለማግሥቱ በመጋጠሚያው ላይ የሚጠበቀው ከዜሮ በታች ነበር። በዚያ ሥፍራ አንድም ነጥብ የለም። ነጥብ በሌለበት ሥፍራ ደህንነት አለ ብሎ መወሰን በጨለማ መራመድ ነው።

ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን፣ በሕዝብ ፊት ቁራጭ ጎማ በበረዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያወጣው ጎማው ቶሎ ወደ ቅርጹ እንደማይመለስ አሳየ። ሥዕሉ ብርድና ጉዳት አብረው እንደሚሄዱ አመለከተ፤ የበረዶው ውሃ ደግሞ ለምን አብረው እንደሚሄዱ አስረዳ። ተዛምዶ ከምክንያት ጋር የሚታረቀው በዚህ ዓይነት ነው።

ፍርዳችን ግን ሚዛናዊ ይሁን። የሥዕል ባለሙያው ኤድዋርድ ተፍቲ በ1997 ዓ.ም. መሐንዲሶቹን ማስረጃቸውን በሚገባ አልሣሉም ብሎ ወቅሷል። ቦዦሌና የሥራ ተባባሪዎቹ በ2002 ዓ.ም. ሲመልሱ፣ የሁሉም በረራዎች የሙቀት ልኬት በእጃቸው እንዳልነበረ ገልጸው ወቀሳው ተገቢ እንዳልሆነ ተከራክረዋል። እነዚያ መሐንዲሶች በዚያች ሌሊት «አይሆንም» ያሉ ሰዎች ናቸውና ክብራቸው ሊጠበቅ ይገባል። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው፤ የማስጠንቀቂያው ነጥቦች ሌሊት ከመድረሱ በፊት፣ ቀን በሰከነ ጊዜ፣ በአንድ ወረቀት ላይ መሰብሰብ ነበረባቸው።

ማጠቃለያ

ከኸርሸል ኮከብ እስከ ቻሌንጀር ያለው ታሪክ አንድ መሥመር ይዞ ይሄዳል። ሥዕሉ ቀደመ፤ ቁጥሩ ከሥዕሉ ተወለደ፤ ቁጥሩም ከእናቱ ተለይቶ በሄደ ቁጥር መንገድ ሳተ። ቁጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ዓይንም የሚመኘውን ያያልና ቁጥር ይቆጣጠረዋል፤ ቁጥርንም ሥዕል ይቆጣጠረዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት፣ በተለይም ሪፖርት ለሚጽፉና ሪፖርት ለሚያጸድቁ ባልደረቦቼ ሁሉ፣ የተዛምዶ ቁጥር በቀረበ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠየቁ አሳስባለሁ። በመጀመሪያ፣ ነጥቦቹ ሲሣሉ ምን ይመስላሉ? ቀጥሎም፣ ልንወስን ባሰብንበት ሥፍራ ነጥብ አለን ወይስ የለንም? በመጨረሻም ከሁሉ በላይ፣ ከዚህ ወረቀት የጎደለው ማን ነው? ያልፈረሰው ድልድይ፣ ያልተቃጠለው ትራንስፎርመር፣ ያልደረቀው ጉድጓድ የፈረሰውን፣ የተቃጠለውንና የደረቀውን ያህል ምስክር ነው።

ብልሽት ብቻ የሚመዘገብበት መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው። በየሥራ ቦታችን ደህና የዋለውንም ቀን ከነሙቀቱ፣ ከነጭነቱና ከነሰዓቱ መመዝገብ ብንጀምር፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ በአንዲት ክፉ ሌሊት የሚፈልጋቸው ነጥቦች አስቀድመው ተዘጋጅተው ይቆዩታል።